መስኮቱ ሥር የምትተኛዋ

«ልጅቷ አርግዛለች» የሚለውን ወሬ የወይንሐረግ መጀመሪያ የነገረችው ድንች ሊገዛ ለቆመ መንገደኛ ነው። ሰውየው ልጅቷ የትኛዋ እንደሆነች አያውቅም፤ ድንቹን አስመዝኖ መንገዱን ቀጠለ። የወይንሐረግ ግን ወሬው አፏ ላይ ጣፈጣት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሽንኩርት ለሚገዛም፣ ሳሙና ለሚገዛም፣ የሞባይል ካርድ ብሎ ለመጣም ሳይቀር ከመልሱ ጋር አብራ ትሰጠው ጀመር። ከኪዮስኳ ውስጥ ያልተወደደ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። ኪዮስኳ የአዴ ወርቅቱ ግቢ በር ላይ ስለተለጠፈች ከግቢው የሚወጣ ሁሉ በፊቷ ያልፋል፤ የሚያልፈውን ሁሉ ደግሞ ከእግር እስከ ራሱ ትመዝነዋለች። ሚዛኗ ለድንች ሲሆን ወደ ራሷ ያደላል፣ ለሰው ሲሆን ወደ ክፉው።

«ጠዋት ጠዋት ታስመልሳለች» ትላለች። «ትናንት ከሽንት ቤት ስትወጣ ግድግዳ ይዛ ነው የሄደችው። ስንት ልጅ የወለድኩ ሴት፣ ይህን ደግሞ ሰው ይንገረኝ?»

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት አጸደ ይህን የሰማችው ከአጥሩ ቆርቆሮ ወዲህ ጀሪካን ቧንቧ ሥር ደቅና ውሃ እስኪሞላላት ስትጠብቅ ነው። ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማችው ራሷም አታውቅም። መጀመሪያ የሰማችው ቀን ወጥታ የወይንሐረግን ጸጉር ልትይዝ ነበር። በሚቀጥለው አልወጣችም። ዛሬ ደግሞ ወሬው አዲስ ቅርንጫፍ አብቅሏል። «ታላቅየዋ በስንት ዓመት ትዳር ያጣችውን ታናሽየዋ ባንድ ወቅት አገኘችው። የማን ነው እንዳትሉኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ወንድ አለ?» ገዢዋ ሴት ሳቀች። አጸደ ውሃው ከጀሪካኑ አፍ ሞልቶ ጫማዋ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቆማ ቀረች። የጥር ውሃ ነው፤ እንደ ሳማ ይለበልባል።

«ልጅቷ» የተባለችው ትህትና የአጸደ ታናሽ እህት ናት። ባለፈው ክረምት፣ አጸደ የምትሠራበት የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ቦታ ሲገኝ፣ አጸደ ራሷ ሆሳዕና ደውላ አስመጣቻት፤ ራሷ መታወቂያ አወጣችላት፣ ራሷ ፍራሽ ገዛችላት፣ ራሷ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ አስገባቻት። አገር ቤት ዮአብ የሚባል እጮኛ አላት፤ ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ቀን ሊቆርጡ ነበር። ሰበታ ላይ ቤታቸው ከአዴ ወርቅቱ የተከራዩት አንድ ክፍል ነው፤ ጭቃ ቤት፣ ውስጡ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ የተሰፋ ማዳበሪያ። በሩ አጠገብ የአጸደና የባሏ የዘርሁን የብረት አልጋ አለ፤ በሩ ከታች ድመት የሚያሾልክ ክፍተት ስላለው ብርዱ ሌሊቱን ሙሉ በእግራቸው በኩል ይገባል። ከአልጋው ወዲያ አበባማ መጋረጃ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሯል። ከመጋረጃው ጀርባ፣ መስኮቱ ሥር፣ የትህትና ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል። ራት ከተበላ በኋላ የከሰል ምድጃው የሚገባው እዚያው መጋረጃው ጀርባ ነው፤ መሬት የምትተኛው እሷ ናትና ይሙቃት ተብሎ። ይሙቃት ያለችው አጸደ ናት። ስትለውም ከልቧ ነበር።

ከሰሉንም እንደ ነገሩ አታስገባውም። እናቷ እንዳሳየቻት ውጭ አቀጣጥላ፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ እስኪቀላ አራግባ፣ በላዩ ጨው በተን አድርጋበት ነው። ጨው የነካው ከሰል ሰው አይጎዳም ይባላል፤ የማይጨስ ከሰልም እንደዚያው። ይህን የማታውቅ ሴት ሰፈሩ ውስጥ የለችም፣ የምትጠራጠርም የለችም። ባለፈው ዓመት ጥርም ይኸው ምድጃ እዚሁ ክፍል ይገባ ነበር፤ ማንም ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው መስኮቱ ብቻ ነው።

መስኮቱ የአስፋልቱን ፊት ያያል። ኅዳር መጨረሻ ላይ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰበታ ሲደርስ፣ ተማሪዎቹ መንገዱን ሞልተው እየዘፈኑ ሲያልፉ፣ ከማን እጅ እንደወጣ ያልታወቀ ድንጋይ መስታወቱን ሰብሮ ገባ። ስብርባሪው ትህትና ፍራሽ ላይ ረገፈ፤ ደግነቱ ሥራ ላይ ነበረች። ብዙም ሳይቆይ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ጭሱም በተሰበረው መስኮት ዘው ብሎ ገባ፤ አጸደና ዘርሁን እርጥብ ፎጣ አፋቸው ላይ ይዘው አልጋ ሥር ተጋድመው ዋሉ። በማግስቱ ዘርሁን መስኮቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ መታበት፤ አጸደ ደግሞ የቀረውን ቀዳዳ አሮጌ ሹራብ እየቀደደች ጠቀጠቀችው፣ የውጭ ጭስ ዳግመኛ እንዳይገባባት። አዴ ወርቅቱ አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ቆይተው «ከላይ በኩል ትንሽ ተዉለት እንጂ፣ ቤትም እኮ ይተነፍሳል» አሏት። አጸደ ምላሷን ይዛው አታውቅም፤ «ድንጋዩ በዚያ በኩል እንዲገባ ነው፣ አዴ?» አለቻቸው። ልጃቸው ሌንጮ ከሰልፈኞቹ ጋር ነበር፤ ነገሩ ወደማን እንደተወረወረ አሮጊቷ ገባቸው። ሌንጮ በታኅሣሥ አንድ ቀን እንደወጣ ሳይመለስ ሲቀር፣ ታሰረም ሸሸም የሚላቸው ሲታጣ፣ አጸደ ልታጽናናቸው አንድ ጊዜ በራቸው ድረስ ሄዳ ሳታንኳኳ ተመልሳለች። ስለ መስኮቱም ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ትህትናን ራሷን ያማት የጀመረው መስኮቱ በተሰበረ ሰሞን ነው። ጠዋት ስትነሳ ያዞራታል፣ ያስመልሳታል፣ ጉልበቷ ይከዳታል። ረፋዱ ላይ ፋብሪካ ውስጥ ይለቃታል። እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ፣ ገና በር ያልተገጠመለት፣ ነፋስ ከአራቱም ማዕዘን የሚገባበት አዳራሽ ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትዘምራለች፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ያው ናት። ጠዋት የሚይዝ ረፋድ የሚለቅ በሽታ ሰፈሩ ውስጥ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። እርግጥ አጸደም ራሷን ያማት ነበር፤ ግን የባለትዳር ሴት ራስ ምታት ማን ይቆጥረዋል፤ ራሷም አልቆጠረችውም። እህቷን ግን «ምን ሆነሻል?» ብላ አልጠየቀቻትም። ልትጠይቃት አፏን የከፈተችባቸው ማታዎች ነበሩ፤ ጥያቄው ግን ከኋላው ሌላ ጥያቄ አስከትሏል፣ «ከማን?» የሚል፣ እና ያኛውን መልስ የመስማት አቅም አልነበራትም። ሌንጮ ነው ብላ ለራሷ ወሰነችና ተኛችበት። ረቡዕ ዕለት ለአባቷ ደውላ «ልጅህ ተበላሽታለች፣ ልልካት ነው» አለችው። ለወንጌላዊው ለዳዊትም አስቀድማ ነገረች፣ ከሌላ አፍ ከሚሰማ ብላ።

ጀሪካኑን ጎትታ ስትገባ ትህትና ሻንጣዋን ዘግታ ፍራሿ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። ዘርሁን አልጋው ጠርዝ ላይ ሆኖ የትናንት ቂጣ በሻይ ያወራርዳል፤ ግንበኛ ነው፣ ገላን የሚሠራ መጋዘን ላይ ስለሚውል በጠዋት ነው የሚወጣው። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሻዩ ፉት ፉት ብቻ ነው። ትናንት ማታ አጸደ ፊቷን ወደ ጣሪያው አድርጋ «መንገዱ ተከፍቷል ይላሉ፤ ነገ አገሯ ትሂድ» ስትል «አንቺ ካልሽ» ብሎ ነበር። ለምን አላለም። ይህን ለምን አለማለቱን ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጠው አደረች። ለምን የማይል ሰው ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ እንዲህ ነው የደመደመችው።

«ሻይ ጠጪ» አለቻት እህቷን።

«ይቅርብኝ እቴቴ። መንገድ ላይ ያስመልሰኛል።»

«መንገዱ ነው የሚያስመልስሽ?»

ትህትና ቀና ብላ አየቻትና መልሳ ሻንጣዋን ማየት ጀመረች። ዘርሁን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አጹ» አለ።

«ምን?»

«ምንም። ሰዓት ሄደብኝ።»

ሻንጣውን ግቢ በር ድረስ ተሸከመላት። ሲያስረክባት «አባባን ሰላም በይልኝ» አላት፣ እሷም «እሺ ጋሼ» አለችው፣ ዓይን ለዓይን ግን አልተያዩም። አጸደ አለመተያየታቸውን ያዘችባቸው። ቢተያዩም ትይዝባቸው ነበር።

አዴ ወርቅቱ ግቢው በር አጠገብ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ተደግፈው ገብስ ይለቅማሉ። ትህትና ከሥራ ቀደም ብላ በገባች ቁጥር እዚያ ጎናቸው ተቀምጣ አብራ ትለቅም ነበር፤ ኦሮምኛም የለመደችው እዚያ ነው። ሻንጣውን ሲያዩ እጃቸውን ከሰፌዱ ላይ አነሱ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እውነትም ልትሄጂ ነው?»

«አዎ፣ አዴ።»

«ምን ጎድሎብሽ?»

በትህትና ፈንታ አጸደ መለሰች። «ታማለች። ከወላጆቿ ጋር ትታመም።»

«እዚህ እኔ ጋ ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ እኮ ደህና ናት» አሉ አሮጊቷ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል። «ስትስቅ ነው የምትውለው። ቤት አድራ ስትወጣ ነው ሰው የማትመስለው። እኔ እንጃ፣ ምን እንደሚነካት።»

ቤት አድራ የሚለው ቃል አጸደን እንደ እሾህ ወጋት፤ ቤት ውስጥ ያለውን ወንድ ያሉ መሰላት። «አዴ፣ የራስዎን ልጅ የት እንዳደረ ሳያውቁ የሰው ልጅ የት እንዳደረች ምን አስጨነቀዎት?» አለች።

እጃቸው ገብሱ ላይ ትንሽ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ከመቀነታቸው የተቋጠረ ቆሎ አውጥተው ትህትና መዳፍ ላይ አስቀመጡና መዳፏን በሁለት እጃቸው ዘጉላት። «ነጋን ገሊ» አሏት፤ በሰላም ግቢ። አጸደን ቀና ብለው አላዩዋትም። በሩ ላይ የወይንሐረግ አንገቷን ከኪዮስኳ አውጥታ «መልካም መንገድ፣ ትሁቴ፤ ራስሽን ጠብቂ፣ ከባድ እንዳታነሺ» አለች። ሻንጣውን የያዘችው ግን አጸደ ነበረች።

በባጃጅ እስከ ዓለም ገና ሄዱ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ ገና ቀናት ነው፤ አስፋልቱ ላይ ጎማ የተቃጠለባቸው ጥቁር ክቦች አሉ፣ ጥጉ ላይ የተገለበጠ የጠጠር ክምር፣ ድልድዩ ጋ ሲጋራ የሚያጨሱ ፌደራል ፖሊሶች። ቀረ ሲባል የጮኸ ሰው አልነበረም፤ ልጅ የቀበረ ምን ብሎ ይጩህ። የባጃጁ ሹፌር ከወትሮው ሁለት እጥፍ ጠየቃቸው። አጸደ ተቆጣች። «እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ» አላት፣ «ጎማውን ሁሉ አቃጥለውት ጎማ ተወዷል።» ትህትና ሳቀች። ባጃጁ በር የለውም፤ ነፋሱ ፊቷን እየመታው ዓይኗን ጨፍና ወደ ውስጥ ትስበዋለች። ዓለም ገና ሲደርሱ ፊቷ ላይ ደም ተመልሶ ነበር። ሙዝ በላች፣ ዳቦ ገዝታ እሱንም በላች፣ ከዚያ የአዴ ወርቅቱን ቆሎ ፈታች። አጸደ የእህቷን መንጋጋ እያየች፣ ለሁለት የሚበላ ሰው እንዲህ ነው፣ አለች በልቧ። አንዲት የታመመች ልጅ ከቤት በወጣች በትንሽ ጊዜ ውስጥ እንዲህ መዳኗን ዓይኗ እያየ፣ ያየችው ሌላ ነገር ነው።

የሆሳዕናው አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ሞልቶ መጣ፤ ረዳቱ ከኋላ አንድ ቦታ አለ ብሎ ሻንጣውን ጣሪያ ላይ ወረወረው። ትህትና እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዞረች።

«የመዘምራን ልብሴን አጥቤ ሳጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ለሌላ ሰው ይሆናል።»

«እሺ።»

«እቴቴ።»

«ምን?»

«የምትጠይቂኝ ነገር የለም?»

ረዳቱ «እናት፣ ግቢ ወይ ውረጂ» ይላል። ከኋላ የቆመ ሚኒባስ ጡሩንባውን ይነፋል። አጸደ የእህቷን ፊት አየች፤ የእናታቸውን አፍንጫ፣ ሕፃን ሆና በጀርባዋ ስታዝላት አንገቷ ላይ ሲሞቃት የነበረውን ያንኑ አፍንጫ። ጥያቄው ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ከኋላው ደግሞ ያኛው ጥያቄ ቆሞ ነበር።

«ምን እጠይቅሻለሁ» አለች። «ዓይን አለኝ።»

ትህትና ራሷን ነቀነቀች፣ የጠበቀችው ዋጋ ተነግሯት እንደማይሆናት ገዢ። ገባች። መስኮቷ ጋ ስትቀመጥ መጀመሪያ ያደረገችው መስታወቱን ወደ ጎን ገፍታ መክፈት ነው።

ስትመለስ ባጃጅ የለም፤ አጸደ ግማሹን መንገድ በእግሯ ሄደች። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስትደርስ የቅዳሜ ጸሎት የሚያደርጉት ሴቶች ነበሩ፤ ወንጌላዊው ዳዊት በር ላይ አግኝቷት «ሄደች?» አላት። ሄደች አለችው። «ጌታ ነገሩን ያለ ብዙ ነውር ዘጋልሽ» አላትና ትከሻዋን ነካ ነካ አደረጋት። ሴቶቹ በዙሪያዋ ቆመው ስሟን ሳይጠሩ ስለ «ጠፋችው እህታችን» ጸለዩ። አንዷ የማሸጊያ ክፍሉ አለቃ ጎረቤት ናት፤ ከጸሎቱ በኋላ በጆሮዋ የትህትናን ቦታ ከሰኞ ጀምሮ ለሌላ ልጅ እንደሰጡት ነገረቻት፣ ደስ ይላት መስሏት። አጸደ ሁሉንም አመሰገነች። እንዲህ ቀላል ሆኖ ማለቁ ገርሟት ነበር፤ ሰው ከከተማ ማስወጣት ፍራሽ ከማስወጣት ቀለለ።

ሲመሽ ብርዱ ከወጨጫ ተራራ ተንከባልሎ ወረደ። አጸደ ምድጃውን ግቢው ጥግ አቀጣጠለች፤ ከሰሉ ተወዶ አንድ ጣሳ ብቻ ነው የገዛችው፤ አራገበችው፣ ቀላ፣ ጨውዋን በተነች፣ ሁለቱን ጆሮ በጨርቅ ይዛ ገባች። በልማድ መጋረጃውን ገልጣ እዚያው መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ካስቀመጠችው በኋላ ነው የሚሞቀው ሰው እንደሌለ ትዝ ያላት። ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች። ትራሱ የትህትናን የጸጉር ቅባት ይሸታል። ሳጥኑ ላይ ሰማያዊው የመዘምራን ልብስ ተጣጥፎ፣ ክንዶቹ ወደ ውስጥ ገብተው፣ የተኛ ሰው መስሏል። እንባዋ መጣ። ዘርሁን ድንገት ቢገባ ስታለቅስ እንዳያያት መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ሳበችው፤ ተመልሳ ተነሥታ በሩን ገጠመችው፣ ከታች የሚገባው ብርድ እግሯን ሲበላት በጆንያ ደፈነችው። ከዚያ እህቷ ፍራሽ ላይ በጎኗ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ ፍሙ አድርጋ፣ ያልተጠየቀውን ጥያቄ አለቀሰችው።

ለቅሶው ቀስ ብሎ ድካም ሆነ፤ ደስ የሚል፣ ሞቅ ያለ ድካም። ከዚያ ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጎ ያሰራት ሰው ያለ መሰላት። ጆሮዋ ውስጥ ወፍጮ ይዞር ጀመር። ውሃ ልጠጣ ብላ ስትነሣ ጉልበቷ የሌላ ሰው ጉልበት ሆነባት፤ ግድግዳ ያዘች። ግድግዳውን እንደያዘች፣ እንዲህ ግድግዳ ይዛ የምትሄድ ሰው የት እንዳየች ልታስታውስ ሞከረች። ከዚያ መጋረጃውን ይዛ ወደቀች፣ መጋረጃውም ከሽቦው ተላቆ አብሯት ወደቀ። በደረቷ እየተሳበች በሩ ጋ ደረሰች፣ ጆንያውን ጎተተች፣ በሩን ገፋችው፣ ደፉ ላይ አስመለሰች።

አዴ ወርቅቱ የማስመለሱን ድምፅ ሰምተው ወጡ። በብብቷ ይዘው ግቢው መሃል ጎተቷትና በጋቢያቸው ጠቀለሏት። ከዚያ ገቡ። ምድጃውን አንጠልጥለው አውጥተው ሜዳው ላይ ደፉት፤ ዶማ ይዘው ተመለሱና የመስኮቱን ቆርቆሮ ከውጭ በኩል ፈነቀሉት። ምስማሩ እየጮኸ ተነቀለ። የተጠቀጠቀውን ሹራብ እየመዘዙ ሲጥሉት ቤቱ ውስጥ ያለው የታመቀ አየር ፊታቸውን መታው፤ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ሌሊቱንም ሁሉ እዚያ ነው የምትተዉት?» አሏት ተመልሰው። «ከልጅቷ ራስጌ?»

«እንዲሞቃት ነው» አለች አጸደ። «አይጨስም እኮ። ጨው አለው።»

«ጨው። ይኼ የከሰል መርዝ መልክ የለው፣ ሽታ የለው፣ ጨው ምን ያውቅለታል።» አሮጊቷ ጎኗ መሬት ላይ ተቀመጡ። «እኔ ስትተኙ የምታወጡት መስሎኝ። መስኮት ዘግቶ ፍም አቅፎ የሚተኛ ሰው ይኖራል ብዬ ማን አሰበ። ከመጋረጃ ጀርባ ደግሞ የሰው ጓዳ ነው፣ ብዬ አላየሁም። ገልጬ ባይ ይሻለኝ ነበር።» ጎንበስ ብለው ፊቷን አዩት። «እንግዲህ አንቺም አርግዘሻል» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይቀል ነበር።

የወይንሐረግ ከኪዮስኳ «ምን ሆነች?» ብላ ተጣራች።

«ከሰል ነው» አሏት አዴ ወርቅቱ። «ትህትናንም ያማት የነበረው ከሰል ነው። ነገ ከድንችሽ ጋር ይህንንም ሽጪው።»

የወይንሐረግ ይህኛውን ወሬ ለአንድ ገዢ እንኳ ስትነግር የሰማት የለም።

አጸደ አባቷ ጋ ደወለች። ደርሳለች አላት አባቷ፤ ደህና ናት፣ ስትበላ ነው ያመሸችው። አጸደ የሆነውን ነገረችው፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ከሰሉን፣ መስኮቱን፣ ሁሉን። «እንግዲህ» አለ አባቷ፣ «የዮአብ ሽማግሌዎች ትናንት መጥተው ቃላቸውን መልሰዋል። ለዮአብ ሌላ ቤት ጠይቀውለታል አሉ። እኔ ምን ብዬ ልሂድባቸው? ልጄ ተበላሽታለች ያልኩት እኔው ነኝ። አንቺ ብለሽኝ።»

«ስልኩን ስጣት፣ አባባ።»

«ጎኔ ናት። አልፈልግም ብላለች።»

ዘርሁን ሲገባ ሚስቱ ጋቢ ለብሳ ውጭ ተቀምጣለች፣ በሩና መስኮቱ ወለል ብለው ተከፍተዋል፣ መጋረጃው መሬት ላይ ነው፣ ብርዱ ቤቱን እንደራሱ ቤት ይመላለስበታል። አዴ ወርቅቱ በአጭሩ ነገሩትና ወደ ቤታቸው ገቡ። መሣሪያ የያዘውን ቦርሳ ሳያስቀምጥ ቆሞ ቀረ።

«ዘርሁን» አለች አጸደ። «አርግዛ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለ።

ቦርሳውን አወረደው። ቀስ ብሎ ከጎኗ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፣ ከእሷ ራቅ ብሎ።

«ለገና ሰሞን ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። መርምረው እርግዝና የለም አሉን። ደም ማነስ ይሆናል ብለው ኪኒን ሰጧት።»

«ሳትነግረኝ?»

«እህትሽን ይዤ ለእርግዝና ላስመረምራት ሄድኩ ብልሽ ምን ትይኝ ነበር?»

አጸደ የምትለውን ታውቀው ነበር። በተከፈተው መስኮት ውስጥ ሰማያዊው የመዘምራን ልብስ ይታያል።

«ብቻ እሱም አይደለም» አለ ዘርሁን። «ልነግርሽ ነበር። እሷ ናት ያስማለችኝ። እቴቴ ራሷ ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ፣ ሳትጠይቀኝ ግን እንዳትነግራት አለችኝ። ማታ ማታ ከመጋረጃው ጀርባ ሳትተኛ ትቆይ የነበረው ለዚያ ነው። ዛሬ ትጠይቀኝ ይሆናል እያለች።»